መልስ ያልሰጠው ሰርቨር

በዚህ ሴሚስተር ከምወስዳቸው ኮርሶች ሁሉ ልቤን የወሰደው ዲስትሪቢዩትድ ሲስተምስ ነው፤ በኔትወርክ ተገናኝተው እንደ አንድ ስለሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች የሚያጠና ኮርስ ነው። ስሙ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ግዙፍ የመረጃ ማዕከላትንና ፍጥነትን ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ከዚያ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ ነው፤ መልስ ያልሰጠ ኮምፒውተር ምን ሆኗል?

እስካሁን ፕሮግራም የጻፍነው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ነበር። እዚያ ሲበላሽ ሁሉም አብሮ ይቆማል፤ ችግሩም ፊት ለፊት ይታያል። ሁለት ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ሲነጋገሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዱ ለሌላው «ይህን መዝግብ» ብሎ ይልካል፤ መልስ አይመጣም። ጥያቄው መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል። ደርሶ፣ ሰርቨሩ (ጥያቄውን የሚቀበለው ኮምፒውተር) ሳይመዘግበው ወድቆ ይሆናል። ተመዝግቦ፣ የጠፋው መልሱ ብቻ ይሆናል። ወይም ምንም ሳይጠፋ ሁሉም ዘግይቶ ይሆናል። ላኪው እነዚህን አራቱን የሚለይበት ምንም መንገድ የለውም።

በሞባይል ገንዘብ የላከ ሰው ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። ለእናቴ ገንዘብ ስልክላት፣ ኔትወርኩ ተቆራርጦ «እንደገና ይሞክሩ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ እጄ ይያዛል፤ ሁለት ጊዜ ይቆረጥብኝ ይሆን? መፍትሔው ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱን መለያ ቁጥር መስጠት መሆኑን ስማር ደስ አለኝ። ሰርቨሩ ያንን ቁጥር ቀድሞ አስተናግዶት ከሆነ ገንዘቡን ዳግም አይነካም፤ የፊተኛውን መልስ ብቻ ይደግማል። ልብ ያልኩት ነገር፣ ይህ ዘዴ ምን እንደተፈጠረ አይነግረንም። አለማወቃችን ጉዳት እንዳያደርስ ያደርጋል እንጂ።

ሰዓትም አያድንም። የሁለት ማሽኖች ሰዓት ፍጹም እኩል ስለማይሄድ የትኛው ድርጊት እንደቀደመ ከሰዓት ብቻ መፍረድ አይቻልም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ ቅደም ተከተልን በመልእክት ላይ መሠረተው፤ መላክ ምንጊዜም ከመቀበል ይቀድማል። በመልእክት ሰንሰለት ያልተገናኙ የሁለት ማሽኖች ድርጊቶች ግን ቀዳሚና ተከታይ የላቸውም። ይህን ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል፤ አሁንም ሳስበው ይደንቀኛል።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ማይክል ፊሸር፣ ናንሲ ሊንችና ማይክል ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት ማረጋገጫ ነው። ዘጠኝ ገጽ ብቻ ነው። የሚለው ይህ ነው፦ መልእክት የሚዘገይበት ጊዜ ወሰን ከሌለውና ከኮምፒውተሮቹ አንዱ እንኳ ሊሞት የሚችል ከሆነ፣ በዕጣ የማይሠራ ማንኛውም ስልት ኮምፒውተሮቹን ሁልጊዜ በአንድ ውሳኔ ላይ ወደ ስምምነት እንደሚያደርስ ዋስትና ሊሰጥ አይችልም። ሥሩ ያው ከላይ ያነሳሁት ጥያቄ ነው። የዘገየውን ከሞተው መለየት ስለማይቻል፣ ውሳኔው ያለማቋረጥ የሚንጠለጠልበት አካሄድ ምንጊዜም ሊገኝ ይችላል። ማረጋገጫውን መስመር በመስመር ተከትዬ ስጨርስ፣ የሰው ልጅ የማይቻለውን በዚህ ጥራት ማሳየት መቻሉ አስደሰተኝ። በፈተና ላይ ከፍቺዎች ጋር ተደርድሮ በሁለት ነጥብ ሲጠየቅ ግን ከልቤ አዝናለሁ፤ ተማሪ ሊሸመድደው ሳይሆን ሊታገለው የሚገባ ነገር ነው።

እንዲህም ሆኖ ሥርዓቶቹ ይሠራሉ። የሚሠሩት የሚጠብቁትን ነገር ለሁለት ስለከፈሉ ነው፤ የተሳሳተ ውሳኔ በምንም ሁኔታ አይወሰንም፣ ውሳኔው ግን ሊዘገይ ይችላል። መሠረቱ የብዙኃን ድምፅ ነው። ከአምስት ሰርቨሮች ሦስቱ ከተስማሙ ውሳኔው ይጸናል። ከአምስቱ የትኞቹንም ሦስት ብንመርጥ፣ ከሌላ ማንኛውም ሦስት ጋር ቢያንስ አንድ የጋራ ሰርቨር ይኖራቸዋል። ያ አንዱ የቀድሞውን ውሳኔ ያውቃል፤ ስለዚህ ሁለት ተቃራኒ ውሳኔዎች ጎን ለጎን ሊጸኑ አይችሉም። ሁለት ሰርቨሮች ቢሞቱም ሥራው ይቀጥላል። ሰርቨሮችን የሚያስማሙት ሁለት የታወቁ ስልቶች፣ የላምፖርት ፓክሶስም፣ ዲዬጎ ኦንጋሮና ጆን ኦስተርሃውት እ.ኤ.አ. በ2014 ያቀረቡት ራፍትም የቆሙት በዚህ ላይ ነው። ራፍት መሪ፣ ማለትም ትእዛዝ ተቀብሎ ለሌሎቹ የሚያስተላልፍ ሰርቨር፣ ሲመርጥ እያንዳንዱ ሰርቨር የሚጠብቅበትን ጊዜ በዘፈቀደ ይወስዳል፤ በጽሑፉ ውስጥ ምሳሌው ከ150 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ «እኔን ምረጡኝ» እንዳይሉ ነው።

ለኮርሱ ማጠቃለያ ፕሮጀክት ከጓደኞቼ ጋር ራፍትን ራሳችን ልንጽፍ ተስማምተናል። መምህራችን ቀለል ያለ ርዕስ እንድንመርጥ መክረውን ነበር፤ ስንለምናቸው ፈቀዱልን። እኔ የወሰድኩት የመሪ ምርጫውን ክፍል ነው። በቤተ ሙከራው አምስት ኮምፒውተሮች ላይ አስነስተነው የመሪውን ገመድ እንነቅላለን። የተነጠለው መሪ፣ ሌሎቹ አዲስ መሪ በመምረጣቸው መሻሩን ሳያውቅ ትእዛዝ መቀበሉን ይቀጥላል፤ ነገር ግን ብዙኃኑ ስለሌሉት አንዱንም ማጽናት አይችልም። ገመዱን መልሰን ስንሰካ ከእርሱ የሚበልጥ የዘመን ቁጥር (በየምርጫው የሚጨምር ቁጥር) ያያል፤ መሪነቱንም ይለቃል። ያን በዓይኔ ለማየት ቸኩያለሁ።