«ቱሪስቲካ»፦ በስሎቫኪያ ተራሮች ላይ መሄድን የተማርኩበት አንድ ዓመት

ወደ ኮሺትሴ ከተማ ከመጣሁ በኋላ የሥራ ባልደረቦቼን ቅዳሜና እሑድን የት እንደሚያሳልፉ ስጠይቅ ከብዙዎቹ የሰማሁት መልስ «ቱሪስቲካ» የሚል ነበር። በእኛ ዘንድ ቱሪስት የሚባለው አገር ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ ሲሆን፣ በስሎቫክኛ ግን «ቱሪስታ» ማለት ቦርሳውን አዝሎ ጫካና ተራራ በእግሩ የሚያቋርጥ ሰው ነው። አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይሄዱበታል፤ ተማሪዎችም ሠራተኞችም ይሄዱበታል። እኔም መስከረም ላይ ጀመርኩ። ይህን የምጽፈው በዚህ አገር ለሚኖሩና ለመጀመር ለሚያስቡ ወገኖቼ ነው።

ተወልጄ ያደግሁባት ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ የስሎቫኪያ ከፍተኛ ጫፍ ጌርላሆቭስኪ ሽቲት ግን 2,655 ሜትር ነው። በዚህ ምክንያት የታትራ ተራሮች አይከብዱኝም ብዬ ገምቼ ነበር፤ ግምቴ ግን የተሳሳተ ነበር። እኛ ገብስ ከምንዘራበት ከፍታ ብዙ ዝቅ ብሎ፣ 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ፣ እዚያ ዛፍ መብቀሉን ያቆማል። ከዚያ በላይ መሬት ለመሬት የሚሄድ አጭር ጥድ፣ ቀጥሎም ባዶ ቋጥኝ ብቻ ነው የሚታየው። የሚያደክመውም የአየሩ መሳሳት ሳይሆን የአቀበቱ ቀጥ ማለትና የአየር ጠባዩ በደቂቃዎች ውስጥ መለዋወጥ ነው።

የመጀመሪያ ጉዞዬ ለከተማችን ቅርብ ወደ ሆነው 1,246 ሜትር ከፍታ ወዳለው ኮይሾቭስካ ሆልያ ነበር። በዚያ ጉዞ ከሁሉ በፊት ያጠናሁት የመንገድ ምልክቱን ነው። በዛፍና በድንጋይ ላይ በሁለት ነጭ መስመሮች መካከል አንድ ቀለም ይቀባል፤ ቀዩ ረጅምና ዋና መንገድን፣ ሰማያዊው ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን፣ አረንጓዴውና ቢጫው ደግሞ አጫጭሮቹንና አገናኞቹን ያመለክታሉ። በየመንታ መንገዱ የቆሙት ሰሌዳዎች ርቀትን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓትና በደቂቃ ይናገራሉ። ይህ ለእኔ ታላቅ ትምህርት ሆኖኛል፤ ምክንያቱም የራሴን አካሄድ ከሰሌዳው ጋር እያስተያየሁ መመዝገብ ቻልኩ። በዚያን ቀን ሰሌዳው ሁለት ሰዓት ከሩብ ያለውን መንገድ በሦስት ሰዓት ጨረስኩት።

በክረምቱ ወራት በከፍተኛው ታትራ ከኻታዎቹ፣ ማለትም ከተራራ ማረፊያ ቤቶቹ፣ በላይ ያሉት መንገዶች ተዘግተው እስከ በጋቸው መግቢያ ይቆያሉ። በዚያ ጊዜ በኮሺትሴ መናፈሻዎች ውስጥ እየሮጥኩ እግሬን ማጠንከር ያዝኩ። ይህች ከተማ ከ1924 ጀምሮ የሚካሄድ፣ በአውሮፓ በዕድሜ አንጋፋ የሆነ ማራቶን አላት፤ በ1961 ያሸነፈውም አበበ ቢቂላ ነው። ስሙን ከሌሎቹ አሸናፊዎች ጋር በሯጩ ሐውልት ዘንድ ተጽፎ ባየሁ ቀን በዚያ ብርድ ለመሮጥ የነበረኝ ስንፍና ለቀቀኝ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ በባቡር ወደ ፖፕራድ፣ ከዚያም ወደ ስሞኮቬትስ ሄጄ፣ ከህሬቢዬኖክ ተነሥቼ በዛምኮቭስኬሆ ኻታ በኩል 2,015 ሜትር ላይ ወዳለችው ቴሪሆ ኻታ ወጣሁ። ወደዚያ መኪና አይደርስም። ምግቡንና መጠጡን በጀርባቸው የሚያደርሱት ተሸካሚዎች ሲሆኑ፣ ከራሳቸው በላይ የሚቆም የእንጨት መሸከሚያ አዝለው፣ ሳይቸኩሉና እርምጃቸውን ሳያዛንፉ ድንጋይ ለድንጋይ ይወጣሉ። ከአንዱ ኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል በተከተልኩ ጊዜ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ስፈጥንና ስቆም፣ ስፈጥንና ስቆም ጉልበቴን በከንቱ እጨርስ እንደነበር ገባኝ። እርሱን እያየሁ እርምጃዬን በትንፋሼ ልክ መመጠን ተማርኩ፤ ከዚህ ዓመት ትምህርት ሁሉ ይህን የሚያህል የለኝም።

ሐምሌ ላይ ወደ ክሪቫኝ ተነሣሁ። ክሪቫኝ 2,494 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ጫፉ ወደ ጎን ዘንበል ያለ ተራራ ሲሆን፣ በስሎቫኪያ የአንድ፣ የሁለትና የአምስት ሳንቲም ዩሮዎች ላይ ተቀርጿል፤ የብሔር ንቅናቄያቸው መሪ ልዩዶቪት ሽቱር በ1841 ከጓዶቹ ጋር ወጥቶበታል፤ ያንን በማስታወስም በየዓመቱ በኅብረት የሚወጡበት ሥርዓት አላቸው። እኔ ግን ከሽትርብስኬ ፕሌሶ የተነሣሁት አርፍጄ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነበር። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ደመና ጫፉን ሸፈነው። ከላይ የሚወርዱ አዛውንት ባልና ሚስት «ዶብሪ ዴኝ» ብለው ሰላምታ ከሰጡኝ በኋላ፣ ነጎድጓድ እየመጣ ስለሆነ አብሬያቸው እንድመለስ አጥብቀው ነገሩኝ። ተመለስኩ። ጫካው ሳንደርስ መብረቁ ጀመረ። በበጋ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ በታትራ የተለመደ በመሆኑ ጎሕ ሲቀድ መነሣት ግድ ነው። የተራራ ነፍስ አድን አገልግሎትም ወጪው በተጎጂው ላይ ስለሚወድቅ፣ ይህን የሚሸፍን መድን ሳልገዛና የጥሪ ቁጥሩን 18300 በስልኬ ሳልመዘግብ ከዚያ ወዲህ አልወጣም።

ነሐሴ ላይ በዚያው መንገድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥቼ፣ በአራት ሰዓት ከ35 ደቂቃ ጫፉ ላይ ካለው ባለ ሁለት አግዳሚ መስቀል ደረስኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሃያ ደቂቃ ብቻ ተቀምጬ፣ እንጀራ ፍርፍሬን በልቼ፣ ደመና ሳይሰበሰብ መውረድ ጀመርኩ። ጌርላሆቭስኪ የሚወጣው ከተራራ መሪ ጋር በመሆኑ እርሱን ለሌላ ዓመት ትቼ፣ የሚቀጥለው በጋ ዕቅዴን በፖላንድ ድንበር ላይ ባለው ሪሲ አድርጌያለሁ፤ አብሮኝ መውጣት የሚፈልግ ካለ ከአሁኑ በኮይሾቭስካ ሆልያ አብረን ልንለማመድ እንችላለን።