ሥራ ገባህ?

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ ሳላገኝ በቆየሁባቸው ሁለት ዓመታት፣ ከገንዘብ ማጣት ይልቅ የከበደኝ «ሥራ ገባህ?» የሚለው ጥያቄ ነበር። የሚጠይቁኝ ከልባቸው የሚያስቡልኝ የሰፈር እናቶች ነበሩ፤ ሆኖም «ገና ነኝ» እያልኩ መመለሱ እያሳፈረኝ ስለ መጣ፣ እነርሱን ላለማግኘት ስል በኋላ በር በኩል ዞሬ መውጣት ጀመርኩ።

ጠዋት ጠዋት አራት ኪሎ እሄድ ነበር። ጋዜጣ ተከራይተን የሥራ ማስታወቂያ በቁማችን የምናነብ ወጣቶች ብዙ ነበርን፤ የሁላችንም ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው «የሥራ ልምድ» የሚለው ላይ ነው። «0 ዓመት» የሚል ሲገኝ አንዱ ለሌላው ያሳያል፣ አድራሻው ይገለበጣል። ይህ ሁሉ አራት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፤ የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ነው። ቤት ብመለስ እናቴ ምንም ሳትናገር ምሳዬን ታቀርብልኛለች፤ እኔም ያንን ዝምታ ፈርቼ እስኪመሽ ድረስ ያለ ጉዳይ እዞር ነበር።

ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነበር ማሪየንታል ስለምትባል የኦስትሪያ መንደር ያነበብኩት። ነዋሪዋን ቀጥሮ ያሳድር የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተዘጋ በኋላ፣ ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል 478 ቤተሰቦችን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1933 አሳተሙ። ጊዜ የተረፈው ሰው ብዙ ያነባል ብለን እንገምታለን፤ በማሪየንታል ግን መጽሐፍ መዋስ በነጻ ሆኖ ሳለ የሚዋሱት መጽሐፍ ቁጥር በግማሽ ያህል ቀነሰ። ወንዶቹ ሲሄዱ በየመንገዱ ይቆሙ ነበር፤ ቀኑን በምን እንዳሳለፉት ሲጠየቁም የሚሉት ያጡ ነበር። የቤቱ ሥራ ያልቀረላቸው ሴቶች ግን እንደዚያ አልሆኑም። እኔም በእነዚያ ዓመታት የጀመርኩትን አንድም መጽሐፍ አልጨረስኩም ነበር፤ ይህን እስካነብ ድረስ ስንፍናዬ ነው ብዬ ራሴን ስወቅስ ኖሬያለሁ።

በእኛ አገር ደግሞ ሰው ከሰው ጋር የሚኖረው በማዋጣት ነው፤ እድሩም፣ እቁቡም፣ ማኅበሩም፣ የጓደኛ ሠርግም መዋጮ አለው። የቅርብ ጓደኛዬ ሲያገባ የማዋጣው ስላልነበረኝ ስልኬን አጥፍቼ ዋልኩ፣ እርሱም እንደናቅሁት ቆጠረው። ሥራ ያጣን ሰው ከሰው መካከል የሚያስወጣው ማንም የለም፤ እፍረቱ ራሱ ነው እየጎተተ የሚያወጣው። ስለዚህ ሥራ ፈላጊ ያለበት ቤተሰብ ጥያቄውን ትቶ የሚረባ ኃላፊነት ቢሰጠው ይሻላል እላለሁ።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። አንድ ጎረቤታችን ያረፉ ዕለት የእድራችን ሰብሳቢ ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ጽሕፈትህ ይነበባል፤ የዕቃውን መዝገብ አንተ ያዝልን» አሉኝ። የወጣውን ወንበር፣ ሰሃንና ብረት ድስት እየቆጠርኩ መዘገብኩ፣ ሲመለስም ተረከብኩ። ለሦስት ቀን ጠዋት የምነሣበት ሰዓት ነበረኝ፤ ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት እናቶችም «ስንት ወንበር ቀረ?» ብቻ ነበር የሚጠይቁኝ።