የሻምበሉ ሲቪ

ከዲሲ ወደ ፊላደልፊያ የሚነዳ ሐበሻ አብዛኛውን ጊዜ ሠርግ ወይም ለቅሶ አለበት። እኔን የወሰደኝ ግን ሲቪው የተጋነነ አንድ የፕሩሲያ (የድሮ የጀርመን መንግሥት) መኮንን ነው። ባሮን ፎን ሽቶይበን ይባላል። ዋይት ሐውስ ፊት ለፊት፣ ላፋዬት መናፈሻ ጥግ ላይ ሐውልት አለው። ሥራውን የሠራው ግን ፊላደልፊያ አጠገብ ቫሊ ፎርጅ ነው፤ በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ጊዜ የጄኔራል ጆርጅ ዋሽንግተን ሠራዊት የሰፈረበት ቦታ፣ ዛሬ ፓርክ የሆነው።

ፓርኩ መግቢያ አያስከፍልም። መኪናዬን አቁሜ በቀጥታ ወደ ግንድ ጎጆዎቹ ሄድኩ። የድሮዎቹ አይደሉም፤ በእነሱ አምሳል እንደገና የተሠሩ ናቸው። አንዷ ውስጥ ገባሁ። ዋሽንግተን ያዘዘው ልክ 14 በ16 ጫማ ነበር፤ 12 ወታደር ይተኛባታል። በግድግዳው በኩል የሳንቃ አልጋ ተደራርቧል። ጎንበስ ብዬ ልቀመጥ ሞከርኩና ተውኩት። እ.ኤ.አ. ከ1777 እስከ 1778 በነበረው ቆይታ ከ12 ሺህ ያህሉ ሠራዊት ወደ 2 ሺህ የሚጠጋው እዚህ አልቋል። ጥይት አይደለም የጨረሳቸው፤ ተስቦ፣ ተቅማጥና ኢንፍሉዌንዛ ነው።

ሽቶይበን የደረሰው በፌብሩዋሪ 1778 ነው። በ1730 ማግደቡርግ ተወለደ። በሰባቱ ዓመት ጦርነት ቆስሏል፣ በሩሲያ ተማርኳል፣ የፕሩሲያው ንጉሥ የታላቁ ፍሬድሪክ ረዳት መኮንንም ሆኗል። በ1763 በሻምበልነት ተሰናበተ። ከዚያ የአንድ ትንሽ መስፍን ቤተ መንግሥት አስተዳዳሪ ሆነ፤ ኪሱ ግን አልሞላም። ፓሪስ ሲሄድ እዚያ የአሜሪካ ተወካይ የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ለዋሽንግተን በጻፈለት ደብዳቤ ሌተና ጄኔራል አደረገው። ኧረ ሰው! ደግነቱ ደውሎ የሚያጣራ አልነበረም።

ሥራው ላይ ግን ማጋነን አያስፈልገውም ነበር። መቶ ያህል ወታደር ለብቻ ተመርጦለት ራሱ አሠለጠነ፤ ከዚያ ሥልጠናው ለሌላው ተዳረሰ። ጠመንጃ አጎራረስ፣ በሰልፍ አዟዟር፣ የሳንጃ አያያዝ። እንግሊዝኛ አይችልም። መመሪያውን በፈረንሳይኛ ይጽፋል፣ ሌሎች ይተረጉሙለታል። ሲናደድ በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ ይሳደባል፤ አልበቃ ሲለው በእንግሊዝኛ የሚሳደብለት ሰው ይጠራል። ይህን ሳስብ ሜዳው ላይ ብቻዬን ሳቅኩ።

እኔ የወደድኩለት ሌላ ነገር ነው። ለአንድ የአውሮፓ ወዳጁ ሲጽፍ፣ «የእናንተ ወታደር አድርግ ሲባል ያደርጋል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ምክንያቱን መንገር አለብኝ» የሚል ሐሳብ አስፍሯል። በዱላ ከሚገዛ ጦር የወጣ ሰው ነው ይህን የሚለው። አርባዎቹን እያገባደደ ጠባዩን ለተማሪዎቹ ሲል ቀየረ።

እዚህ ቫሊ ፎርጅም ሐውልት አለው፤ ሰፊውን የሰልፍ ሜዳ ትይዩ ቆሟል። አሁን ሜዳው ላይ የሚሮጡት ውሾችና ባለቤቶቻቸው ናቸው። ቅር የሚለው አይመስለኝም፤ እሱም አዞር የሚባል ውሻ ነበረው። በሜይ 1778 ኮንግረስ በሜጀር ጄኔራል ማዕረግ ዋና ኢንስፔክተር አድርጎ ሾመው። ሲቪው በዚህ ተስተካከለ።

ገንዘብ ላይ ግን እስከ መጨረሻው አልሆነለትም። ኮንግረስ በዓመት 2,500 ዶላር ጡረታ የቆረጠለት በ1790 ነው። በ1794 ኒውዮርክ ግዛት በሰጠችው መሬት ላይ፣ በግንድ ቤት ውስጥ ሞተ። መቃብሩም እዚያው ሬምሰን አካባቢ፣ ጫካ ውስጥ ነው። ለመሄድ አስቤያለሁ፤ በረዶው ሳይሟሟ ግን አልሞክረውም።