ከቀለሙ በፊት ያለው ሥራ፦ የብረት ቧንቧ ስሸፍን የተማርኩት

የቧንቧ ሥራ እንጀራዬ ነው። ብዙ ግቢ ቆፍሬያለሁ፤ ብዙ የተበላ ብረትም ከመሬት አውጥቻለሁ። እዚህ የምጽፈው አዲስ አበባ፣ ቦሌ አካባቢ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ስለሠራሁት ሥራ ነው። ዝገት የሚከላከለው ሽፋንና ሙቀት የሚይዘው ሽፋን አንድ ግቢ ውስጥ የተገናኙልኝ እዚያ ነው።

ባለቤቷን ሁለት ነገር አስመርሯቸው ነበር። ከቆጣሪው ወደ ቤቱ የሚሄደው የተቀበረ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የለበሰ የብረት) ቧንቧ በየጊዜው ይፈሳል። ጣሪያ ላይ ካለው የሶላር ማሞቂያ የሚወርደው ውኃ ደግሞ መታጠቢያ ቤት እስኪደርስ ይቀዘቅዛል።

«ልጄ፣ ላዩ ይፈላል፣ ታቹ ይበርዳል፤ እንግዳው የሚቆጣው ደግሞ እኔን ነው» አሉኝ።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ቆፍረን እንየው» አልኳቸው።

ስንቆፍር ቧንቧው ከዳር እስከ ዳር የበሰበሰ አልነበረም። ቀጥ ያለው አካሉ ላይ ዚንኩ አሁንም ግራጫ ሆኖ ይታያል። የተበላው ሦስት ዓይነት ቦታ ላይ ብቻ ነው።

አንዱ ጥርሱ ነው፤ መጋጠሚያው እንዲጠብቅበት የቧንቧው ጫፍ ላይ የሚወጣው ጠመዝማዛ ቦይ ማለቴ ነው። ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ማለት 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሞቀ፣ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ብረት ነው። ዚንኩ ብረቱን ይሸፍነዋል፤ ትንሽ ጭረት ቢኖር እንኳ ቀድሞ ራሱ እየተበላ ያተርፈዋል። እኛ ግን ቧንቧውን ቆርጠን ጥርስ ስናወጣ ያንን ዚንክ ልጠን እንጥለዋለን። የቧንቧው ግድግዳም እዚያው ላይ ይሳሳል። ጥበቃውን ያጣበትና የቀጠነበት ቦታ አንድ ሆነ ማለት ነው። ብዙ ሰው «ቧንቧው ጥራት የለውም» ብሎ ያማርራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የፈሰሰው ጥርሱ ላይ ነው።

ሌላው ቧንቧው ከኮንክሪት ወጥቶ አፈር የሚነካበት ቦታ ነው። ብዙዎች ሲሚንቶ ብረት ይበላል ይላሉ። ደህና ኮንክሪት ግን ብረትን ይጠብቃል። ጉዳቱ የሚመጣው የአንዱ ቧንቧ ግማሹ ኮንክሪት ውስጥ፣ ግማሹ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲሆን ነው። በሁለቱ መካከል እንደ ባትሪ ያለ የኤሌክትሪክ ልዩነት ይፈጠራል፤ የሚበላውም አፈር ውስጥ ያለው ወገን ነው። ቧንቧው ከአርማታው ብረት ጋር ከተነካካ ደግሞ ይብሳል።

የቀረው ቀደም ሲል በፌስታልና በመኪና ከመነዳሪ የታሰረው ቦታ ነው። ማሰሪያውን ስንፈታ ከሥሩ ቀይ ጭቃ ወጣ። ውኃው ገብቶ መውጫ አጥቷል። ክፉኛ የተበላው እዚህ ነበር።

ለእኔ የሽፋን ሥራ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ውኃ ከሥሩ የሚያስገባ ሽፋን ውኃውን ብረቱ ላይ አቅፎ ይይዛል። ባዶ ብረት ቢያንስ ዝናብ ሲያባራ ይደርቃል።

የቦሌ ጥቁር አፈር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ዋልካው ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሲያብጥና ሲኮማተር ቧንቧው ላይ ያለውን ነገር ይዞ ይጎትታል። ሬንጅ ብቻ ቀብቶ መቅበር እዚህ አፈር ላይ የማያዛልቀው ለዚህ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ አዲስ መስመር ለሚዘረጋ ሰው የኤችዲፒኢ ፕላስቲክ ቧንቧ ቅበር እለዋለሁ። አይዝግም፣ ጣጣም የለውም። እዚህም አብዛኛውን በፕላስቲክ ለወጥነው። መኪና የሚያልፍበትንና ከግድግዳው የሚወጣውን ክፍል ግን ባለቤቷ ብረት እንዲሆን ፈለጉ። እሱን በደንብ ለመሸፈን ተነሳን።

ትልልቅ የነዳጅና የውኃ መስመሮች የሚሸፈኑት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ብረቱ በአሸዋ ወይም በብረት ፍንጣሪ ተመትቶ ነጣ እስኪል ይጸዳል። ከዚያ 230 ዲግሪ አካባቢ ይሞቅና ኢፖክሲ የተባለ የሙጫ ዱቄት ይረጭበታል፤ ዱቄቱ እዚያው ቀልጦ ይጣበቃል። ብዙ ጊዜ ከላዩ ማጣበቂያና ፖሊኢትሊን ይደረብበታል። እኛ ግቢ ውስጥ ያለን የሽቦ ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ቲነር ነው። በእነዚህም ደህና ሥራ ይወጣል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ሥራውን የጀመርነው በበጋ ነው፤ ጠዋት ግን ቀለም አልነካንም። የአዲስ አበባ ሌሊት ብርድ ነው። ጠዋት ላይ ብረቱ በዓይን የማይታይ ጤዛ ይይዛል። በሙያው የታወቀው ደንብ ብረቱ ጤዛ ከሚይዝበት ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ በላይ መሆን አለበት ይላል። እኛ መለኪያ ስላልነበረን ፀሐዩ እስኪሞቅ፣ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ጥርስ ስናወጣና ስንፈትግ ቆየን። የላላውን ዝገት አራገፍን፤ ጥርስ ስናወጣ የነካውን ዘይት በቲነርና በንጹሕ ጨርቅ ደጋግመን ጠረግን። ጨርቁ ጥቁር ይዞ እስከመጣ ድረስ ሥራው አላለቀም።

ከዚያ መስመሩን ገጥመን፣ ጥርሱ ላይ የሚጠመጠመውን ቃጫ አጥብቀን፣ ውኃ ሞልተን በግፊት ፈተሽን። ይህ ቧንቧው በቴፕ ከመጠቅለሉ በፊት መሆን አለበት። የተጠቀለለ መጋጠሚያ ቢያፈስ ውኃው በሽፋኑ ሥር ተጉዞ ሌላ ቦታ ይወጣል፤ ያኔ ቀዳዳውን መፈለግ ጉድ ነው።

ጥርሱ ላይ የተራቆተውን ብረት ዚንክ በበዛበት ቀለም ቀባነው። እሱ ሲደርቅ የቴፑን ፕራይመር፣ ቴፑ ብረቱን እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባውን ቅብ፣ በስሱ ቀባን። ፕራይመሩ ጣት ላይ ሳይወጣ የሚጣበቅበት ደረጃ ሲደርስ ቴፑን ጀመርን። ቴፑ ፖሊኢትሊን ሆኖ በሥሩ የሚጣበቅ ጎማ ያለው ነው። እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ግማሽ እንዲሸፍን አድርገን ጠቀለልነው፤ እንዲህ ሲሆን የትኛውም ቦታ ሁለት ድርብ ያገኛል።

መጋጠሚያው ላይ ቧንቧው ድንገት ይወፍራል። ቴፑ እዚያ ደረጃ ላይ ሲደርስ እንደ ድንኳን ተወጥሮ ከሥሩ ባዶ ቦታ ይተዋል። ውኃ የሚፈልገው ያንን ነው። ስለዚህ የሚለጠጥ የጎማ ማስቲሽ ዙሪያውን ሞልተን ደረጃውን ተዳፋት አደረግነው፤ ቴፑ በላዩ ተኛ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ጋሼ፣ ማን ያየዋል?» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የጠቅላላው ሥራ ዕድሜ እዚያች ጥግ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሲጨርስ ራሱ በእጁ ዳሰሰውና አንድ ያልረካበትን ቦታ ፈትቶ ደገመው። ጎበዝ ሠራተኛ ይወጣዋል።

ከመሬት በሚወጣበት ቦታ ጥቅሉን ከአፈሩ በላይ አንድ ስንዝር ያህል አስቀጠልነው። አየርና አፈር የሚገናኙበት መስመር እርጥበቱም አየሩም ስለሚበዛ ዝገቱ ይፈጥናል። ፀሐይ ቴፑን ስለሚያደርቀው በላዩ የፕላስቲክ እጅጌ አለበስነው። ጉድጓዱን ስንመልስ ከታችም ከላይም አሸዋ አደረግን። ድንጋይ ያለበት አፈር ወርውሮ መመለስ የስንት ሰዓት ሥራ በአንድ አካፋ ያበላሻል። ትልቅ ፕሮጀክት ላይ ቢሆን ቧንቧው ከመቀበሩ በፊት በሺህ የሚቆጠር ቮልት በሚያወጣ መሣሪያ ይፈተሻል፤ ቀዳዳ ካለ ብልጭ ይላል። እኛ በዓይንና በመዳፍ ነው የፈተሽነው።

ወደ ጣሪያው ስንወጣ ጉዳዩ ሌላ ነው። ግማሽ ኢንች የሆነው የሙቅ ውኃ ቧንቧ ራቁቱን ነፋስ ላይ ተዘርግቷል። በሒሳብ ሳየው፣ ውኃው 60 ዲግሪ፣ አየሩ 20 ዲግሪ ቢሆን ባዶ ቧንቧ በእያንዳንዱ ሜትር 27 ዋት ገደማ ሙቀት ይጥላል። ነፋስ ካለ ከዚያም ይበልጣል። 13 ሚሊሜትር የጎማ ፎም ሲለብስ ወደ 10 ዋት ይወርዳል። 25 ሚሊሜትር ቢሆን ወደ 7 ዋት። ለእትዬ ይህንን አሳየኋቸውና 13ቱን መረጥን፤ ከዚያ በላይ ለሚጨመረው ውፍረት የሚወጣው ገንዘብ ለእሳቸው ቤት አያዋጣም።

ፎሙ ግን ከመልበሱ በፊት ብረቱ መቀባት ነበረበት። እዚህ ላይ ብዙ የቤት ባለቤት ሲቸገር አያለሁ። ጋልቫናይዝድ ላይ ተራ ዘይት ቀለም ወይም ተራ አንቲረስት ይቀባና ከጊዜ በኋላ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ቀለም ቀቢው ይወቀሳል። ቀለሙ ውስጥ ያለው ዘይት ከዚንኩ ጋር ሲገናኝ ወደ ሳሙናነት ስለሚለወጥ ነው የሚለቀው። ዚንኩን በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ማሻከር፣ ቅባቱን ማጠብ፣ ከዚያ ለጋልቫናይዝድ የተሠራ ኢፖክሲ ፕራይመር መቀባት ነው መፍትሔው። ሙቅ ቧንቧ ላይ ይህ የበለጠ ያስፈልጋል፤ ውኃው ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ዚንኩ ለብረቱ የሚሰጠው ጥበቃ ሊዳከም፣ እንዲያውም ተገልብጦ በዚንኩ ፈንታ ብረቱ ቀድሞ ሊበላ ይችላል።

የጎማ ፎም የመረጥኩት ቀዳዳዎቹ የተዘጉ ስለሆኑ ውኃ በቀላሉ ስለማይመጥ ነው። የድንጋይ ሱፍ ለከፍተኛ ሙቀት ጥሩ ነው፤ ከረጠበ ግን ሙቀት መያዙን ያቆምና ብረቱን ሲያነፍረው ይኖራል። የፎሙን ስንጥቅ በማጣበቂያ ዘጋን፤ ወደ ታች አዞርነውም። የቧንቧውን መታጠፊያ ክርኖችና ቫልቩን ሳይቀር አለበስን። ጎማው የአዲስ አበባን ፀሐይ ራቁቱን አይችልም፤ በላዩ ቀጭን የአልሙኒየም ቆርቆሮ አለበስነው፤ መደራረቢያውም እንደ ጣሪያ ክዳን ውኃ ወደ ታች እንዲያፈስ ሆኖ ተገጠመ።

አሁን ባየሁት ግቢ ሁሉ የምጠይቀው ጥያቄ አለ፦ የመብራቱ ኧርዝ፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ፣ የት ነው የታሰረው? ብዙ ቦታ የመዳብ ሽቦው የውኃ ቧንቧው ላይ ታስሮ አገኘዋለሁ። እርጥብ አፈር ውስጥ ያለ መዳብና ብረት ከተገናኙ ብረቱ ይበላል፤ ቧንቧው ጥሩ ሽፋን ኖሮት አንዲት ቀዳዳ ብቻ ካለችው ጉዳቱ ሁሉ እዚያች ላይ ይከማቻል። ይህም ቤት እንዲሁ ነበር። ሽቦውን ግን እኔ አልፈታሁትም፤ የሰው ሕይወት የሚጠብቅ ሽቦ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ለኧርዙ የራሱን ዘንግ ተከለ፤ ሥራውን ሲጨርስ እኔ በቆጣሪው በኩል ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ መጋጠሚያ ገጠምኩ።