የሠርግ መጠጥ በጀት፦ ከጠላው በርሜል እስከ ቢራው ሣጥን

ጎንደር ውስጥ ሠርግ ሲታሰብ የበሬው ዋጋ፣ የድንኳኑ ኪራይና የሙሽራዋ ልብስ አስቀድመው ይነሣሉ፤ መጠጡ ግን «እሱስ አይቸግርም» እየተባለ ወደ መጨረሻ ይገፋል። የእህቴን ልጅ ሠርግ መጠጥ እንድይዝ ዘመድ ተማክሮ ኃላፊነቱን ሲሰጠኝ፣ ከጥሪ ወረቀቱ ብዛት ይልቅ አጥብቄ የጠየቅሁት እንግዳው ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ፣ ማን ምን እንደሚጠጣና መጠጡን የሚያወጣው ማን እንደሆነ ነበር። በጀቱን የሚያቃናውም የሚያጎድለውም በአብዛኛው ይኸው ሦስተኛው ነው።

300 ሰው የተጠራበትን ሠርግ እንውሰድ። ልጆቹን፣ ሙስሊም ጎረቤቶችንና ወዳጆችን፣ በሕመም ወይም በንስሐ አባታቸው ምክር መጠጥ የተዉትን፣ መኪና የሚነዱትንም ስንደምር 100 ያህሉ ወደ ለስላሳ ይሄዳል እንበል፤ 120ው ቢራ ይመርጣል፤ የቀረው 80 ሰው ከጠላው አይነሣም። ለለስላሳ በሰው 2 ጠርሙስ ከተያዘ 200 ጠርሙስ ይሆናል፤ ሣጥኑ 24 ስለሚይዝ 9 ሣጥን ይበቃል። ቢራው በሰው 3 ጠርሙስ ሲታሰብ 360 ጠርሙስ፣ ማለትም 15 ሣጥን ነው። ጠላ ጠጪው አንድ ሊትር ተኩል ቢጠጣ 120 ሊትር ይፈልጋል፤ ሆኖም ቢራ መራጩም ከእህሉ ጋር ጠላ መጎንጨቱ ስለማይቀር፣ ለእሱም ግማሽ ግማሽ ሊትር ተጨምሮ ድምሩ 180 ሊትር ይደርሳል፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነው። ምጣኔው እንደየቤተሰቡ ስለሚለያይ ከዘመድ መካከል እንግዳውን በስም የሚያውቅ ሰው አስቀምጦ መገመት ይሻላል። መልሱ ደግሞ የራሱ ስሌት ሊኖረው ይገባል እንጂ ከሠርጉ በሚተርፈው ይሸፈናል ብሎ መተው አይገባም።

የእኔ ምርጫ ጠላውን የድግሱ ዋና መጠጥ ማድረግ ነው። ገብሱና ዳጉሳው፣ ብቅሉና ጌሾው ከገበያ ቢገዙ እንኳ፣ ሥራው በዘመድና በጎረቤት እጅ ስለሚሠራ ለአንድ ሰው የሚወጣው ከቢራ በእጅጉ ያንሳል። ከዚህም ሌላ፣ ድንኳኑ ውስጥ ገና ከመቀመጣቸው የቤቱን ጠላ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች አሉ፤ ለእነሱ ጠርሙስ ማቅረብ ማክበር አይመስላቸውም። ጠላ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ቀን ነው። «ጠላ እንግዳ አይጠብቅም፤ ቀኑን ቁርጥ አድርገህ ንገረኝ» ያሉኝ የጠነሰሱት አክስቴ ናቸው፤ እውነታቸውን ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ የጥር ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ጥንስሱም ከሞቃት አገር ይልቅ ዘግይቶ ይነሣል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ መጀመር፣ ጋኑን በወይራ ማጠን፣ ሲበርድም መሸፈን ያስፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ለጠላው የሚሆነው ውሃ ከጥንስሱ በፊት ተቀድቶ መቀመጥ አለበት። ከደንቢያ በኩል የሚመጡ ዘመዶች ካሉ ኮረፌ ቢዘጋጅላቸው ደስታቸው ሌላ ነው፤ ግን ቶሎ ስለሚበላሽ ብዙ መጥመቅ አያዋጣም።

ቢራው ላይ ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር የለም፤ የዳሽን ፋብሪካ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ጭንቀቱ የሚመጣው ሠርጉ ጥር ላይ ሲውል ነው። ጥር 11 ቀን ጥምቀት፣ ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላ ሲከበር ከተማዋ በእንግዳ ትጥለቀለቃለች፤ ሠርጉም ከዚያው ተያይዞ ይደረደራል። (ወይን ያለቀበትን የገሊላውን ሠርግ በምናስብበት ሰሞን መጠጥ ለሚያልቅበት ደጋሽ ማዘን ይገባል።) ስለዚህ ከአከፋፋዩ ጋር ከገና በፊት ዋጋ መቁረጥና ያልተከፈተ ሣጥን መልሶ እንደሚወስድ በጽሑፍ መስማማት ያሻል። ይህ ስምምነት ካለ ጥቂት ሣጥን አስበልጦ መውሰድ አያከስርም። መብራት ስለሚጠፋም ፍሪጅ ብቻ ተማምኖ መቀመጥ አይበጅም፤ በበርሜል ውሃና በበረዶ ማቀዝቀዝ ይቻላል።

ጠጅ ማሩ ውድ ስለሆነ ለሁሉም ይዳረስ ማለት ይከብዳል፤ ለሽማግሌዎች፣ ለካህናትና ለሚዜዎች በብርሌ ቢቀዳ ይበቃል፤ አልኮል ለማይጠጣውም ብርዝ ማዘጋጀት ያምራል። በየጠረጴዛው ውስኪ መደርደርን ግን አልደግፍም፤ ለፎቶግራፍ ካልሆነ በቀር ብዙ ጥቅም አላየሁበትም፤ በዚያ ገንዘብ ለእንግዳው ሁሉ የታሸገ ውሃ ይገዛል።

ወደ አሳላፊው ልመለስ። መጠጡ ያለበት ክፍል ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ይሁን፤ ይህም ሰው እምቢ ማለት የሚችል፣ ራሱም የማይጠጣ ቢሆን ይመረጣል። ሣጥን የሚወጣው ባዶው ሣጥን ሲገባ ብቻ ነው፤ የወጣውም በደብተር ይሰፍራል። ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ከሚደረደር እንግዳው ሲጠይቅ ቢከፈትለት፣ ግማሹ ተጠጥቶ የሚቀረው ቢራ እጅግ ይቀንሳል። ጨዋታው ሲሞቅ የሙሽራው ጓደኞች ቁልፍ ያዡን መለመናቸው ስለማይቀር፣ ለእነሱ የተመደበው ሣጥን አስቀድሞ ተለይቶ ቢነገራቸው ክርክሩ ይቀራል።

ከመልሱ ማግስት ባዶ ጠርሙሱ ተቆጥሮ የተያዘበት ገንዘብ ይመለሳል፤ የተሰበረው ከዚያው ላይ ይታሰባል፤ ያልተከፈተው ሣጥን ለአከፋፋዩ ይሄዳል፤ የዕድሩ ብርጭቆዎች ታጥበው ይመለሳሉ፤ አተላውም ከብት ላለው ጎረቤት ይሰጣል።