አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመጡት

ጅማ ውስጥ አንድ የቡና መጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ሚዛን ላይ የሚቆመው ልጅ ጴንጤ ነው፤ እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ጆንያ እስኪሰፋ ድረስ ወሬያችን ስለ ጸጋ ነው። እሱ ኤፌሶን 2፥8-9ን ያወጣል፦ መዳን ስጦታ ነው፣ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም። እኔ ያዕቆብ 2ን፦ ሥራ የሌለው እምነት የሞተ ነው። ስጦታ መሆኑንማ ማን ካደ? ጸጋው ባይቀድም ጥምቀቱስ ቁርባኑስ ከየት ይመጣል? ግን የሰጡህን ይዘህ መሥራት አለብህ እለዋለሁ። "ቁጥር 10ም እኮ ለመልካም ሥራ ተፈጠርን ይላል፤ አንተ ፊቱን ኋላ አደረግከው" ይለኛል። (እዚህ ላይ መልስ ያጥረኝ ነበር። አልነገርኩትም።)

ጥር ላይ ነው። መኪናው ሌሊት መውጣት አለበት፣ ለቀማው አላለቀም። ለቃሚዎቹ ሌላ ጊዜ የሚከፈላቸው በኪሎ ነው፤ የዚያን ቀን የመጋዘኑ ባለቤት ሐጂ "በቀን ሒሳብ አስገቧቸው" አሉ። በጠዋት የገቡ አሉ፣ በስድስት ሰዓት የመጡ አሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከጅሬን በኩል አራት ሴቶች መጡ፤ አንዷ ልጅ አዝላለች። ሰፌድ ይዘው ተቀመጡ፣ ጥቁሩን ከደህናው ትንሽ እንደለዩ ሥራው አለቀ።

ዝርዝሩን በየሰዓቱ አስልቼ ለሐጂ አቀረብኩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩትና፣

"ለሁሉም 300፣ 300 ስጥ" አሉኝ።

"ሐጂ፣ እነዚህ እኮ አሁን ነው የመጡት።"

"አይቻለሁ።"

"የጠዋቶቹ ቅር ይላቸዋል።"

"በስንት ነው ያስገባሃቸው?"

"በ300።"

"ጎደለባቸው?"

"አልጎደለም።"

"ከአንተ ደሞዝ ነው የሚወጣው?"

ዝም አልኩ።

"ታዲያ አንተን ምን አንገበገበህ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ? ያቺ ልጅ ያዘለችው ማታ እራቷን በሰዓት አካፍላ ነው የምትበላው?"

የሚዛኑ ልጅ ወደ ግድግዳው ዞሯል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ለምን እንደሚስቅ አውቃለሁ። ባለፈው እሑድ ለሕፃናቱ ያስተማርኩት ማቴዎስ 20ን ነው፤ በጠዋት በአንድ ዲናር የተዋዋሉትና መጨረሻ የመጡት እኩል የተከፈላቸውን የወይን አትክልት ሠራተኞች። ሰዓቱ እንኳ እንደ እኛ ቆጠራ ነው፤ ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ። "ዓይንህ ምቀኛ ናትን?" የሚለውን በቃል አስይዣቸዋለሁ። ሐጂ ወንጌል የሚያነቡ ሰው አይደሉም።

እውነቱን ለመናገር፣ ያ ጸጋ ሰባኪም ማታ ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ "የእኔስ ትርፍ ሰዓት?" አለኝ። ደቂቃዋን ሳትቀር ቆጥሯታል።

ልጅ ያዘለችው ብሩን ሁለቴ ቆጠረችና ሁለቱን መቶ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

"ወንድሜ፣ ተሳስተሃል።"

"አልተሳሳትኩም፣ ያንቺ ነው" ማለት ምን ነበረበት? ምላሴ ከበደኝ። "ሐጂ ናቸው ያሉት" አልኳትና ገፋ አደረግኩላት።

ደብተሬ ላይ ከአራቱ ስም ፊት ለፊት በቀይ እስክሪብቶ "11፡00 ሰዓት" ተጽፏል። ስጽፈው ማንም አላዘዘኝም።