ሽሮው ጥሬ ጥሬ አለ

በ2011 ደብረ ብርሃን ውስጥ የታሸገ ሽሮ የሚያመርት አንድ ድርጅት ኳሊቲ ክፍል እሠራ ነበር፣ ስሙ ይቅር፣ አሁንም እዛ እንጀራ የሚበሉ ጓደኞች አሉኝ። ፈጣን ሽሮ የሚባለው ነው። ሽምብራው ተቆልቶ ይፈጫል፣ ከበርበሬው ከነጭ ሽንኩርቱ ከጨውና ከቅመሙ ጋር ተደባልቆ ይታሸጋል፣ ጀርባው ላይ በፈላ ውሃ በጥብጠው 5 ደቂቃ ያንተክትኩት ይላል፣ ለላጤና ለተማሪ ነፍስ ነው። የኔ ሥራ በየዙሩ ከሚመረተው ሳምፕል ወስዶ እርጥበቱን መለካት፣ ክብደቱን ማየት፣ ሲቀመስ ደሞ ፎርሙን ሞልቶ መፈረም ነው። ከኮሌጅ ወጥቼ የመጀመሪያ ሥራዬ ስለሆነ ፊርማዬን ሳይቀር ተለማምጄበት ነው የገባሁት፣ ረጅም ጭራ አለው።

ሁዳዴ ገባ አልገባ የሽያጩ ልጅ ላብራቶሪ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና "ሸዋ ሮቢት ያሉት ሴትዮ ሦስት ካርቶን ውሰዱልኝ ብለዋል" አለን። ምን ሆነው? "ሽሮው ጥሬ ጥሬ ይላል ነው የሚሉት።" ሳቅን። ቅሬታ ሲመጣ ወይ ጨው በዛ ነው ወይ ካርቶኑን አይጥ ቀደደው ነው፣ ጥሬ ጥሬ አለ የሚል እስከዛን ቀን ሰምተን አናውቅም። አለቃችን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ "ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፣ ውሃው ቶሎ እየፈላ አታሏቸው ነው" አለ፣ ነገሩ እዛው ተዘጋ።

እኔ ግን ምሳ እየበላሁ ነገሩ ገለባበጠኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር አካባቢ ናት፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ላይ ነው፣ ስንት ጊዜ በቴርሞሜትር አይቼዋለሁ። ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም፣ እዛ ውሃ ሳይፈላ 95ና 96 ይደርሳል። ማለት የሳቸው ድስት ከኛ ድስት በላይ ይሞቃል፣ ጥሬ ሊል የሚገባው እዚህ እንጂ እዛ አይደለም። እዛ ጥሬ ካለ እዚህ ምን እያልን ነው የምንቀምሰው?

ሐሙስ ዕለት ዕቃ ጭኖ የሚወርድ መኪና ነበር፣ አስፈቅጄ ተሳፈርኩ። ጣርማ በር ዋሻው አፍ ላይ ጉም አላሳይ ብሎን በመብራት ነው የገባነው፣ ወዲያ ማዶ ስንወጣ ፀሐይ። ደብረ ሲና ቆሎ ገዝተን እየቆረጠምን ወረድን። አሁን ሳስበው ይገርመኛል፣ ከአንድ እፍኝ ቆሎ መሃል አንዷ ፍሬ ጥሬ ብትሆን ጥርሴ ያውቃታል፣ የኩንታል ሽምብራ ግን በወረቀት ሲመጣልኝ አላውቅም።

ምግብ ቤቷ መናኸሪያው አጠገብ ናት፣ አራት ጠረጴዛ። እትዬ (እንደዛ ነው ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው) መጀመሪያ ገንዘብ ልሰበስብ የመጣሁ መስሏቸው ፊት ነሱኝ። ከፋብሪካው ነኝ ስላቸው ምንም አላሉም፣ ውሃ ጣዱ፣ አዲስ እሽግ ቀደዱ፣ በጠበጡ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት በጣታቸው አሳዩኝ። አምስት ደቂቃ ሲሞላ አወጡና "በል ቅመሰው" አሉኝ።

ከመቅመሴ በፊት ሸተተኝ። ያልበሰለ ሽምብራ ሽታ ታውቁታላችሁ አይደል፣ ሳር ሳር የሚል፣ አረንጓዴ እሸት ስትፈለፍሉ እጅ ላይ የሚቀረው ዓይነት። አፌ ውስጥ ደሞ ዱቄቱ ዱቄት ነው፣ ጉሮሮ ላይ ይይዛል። እሳቸው አፍ አፌን እያዩ "አውቶቡስ ቆሞ የሚያበላኝ ሃያ ደቂቃ ነው፣ ግማሽ ሰዓት የማንተከትክ ቢሆን የናንተን ምን አስገዛኝ? የራሴን ሽሮ አልሠራም? ሰው በልቶ ተሳፍሮ ሆዱ ሲነፋ የሚረግመው እኔን ነው" አሉ። ነገሩ እውነት ነው፣ ጥራጥሬ በደንብ እሳት ካልነካው ውስጡ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚይዝ ነገር አለ፣ እሳት ነው የሚገድለው፣ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁም።

"እናንተ ሳትቀምሱት ነው እንዴ የምትልኩት?"

"እንቀምሳለን እትዬ።"

"ስንት ደቂቃ አብስላችሁ?"

መልስ አጣሁ። ላብራቶሪ ውስጥ ሽሮውን የምትሠራልን ልጅ ጎበዝ ናት፣ እጇ ጣፋጭ ነው፣ ግን ሽሮ በአምስት ደቂቃ ይበስላል እንዴ እያለች ሩብ ሰዓትም ሃያ ደቂቃም ስታንተከትከው ቆማ አይቻታለሁ፣ እንደናቷ ነው የምትሠራው። እኛ እንቀምስ የነበረው የሷን ሙያ ነበር።

ልወጣ ስል እትዬ ከመደርደሪያ ላይ አንድ ባዶ ከረጢት አወረዱ፣ ያምና የኛው ሽሮ ከረጢት ነው፣ ወፍራም ስለሆነ ጨው ይዘውበታል። ከአዲሱ ጎን አስቀመጡት። መልኩ አንድ፣ ቁመቱ አንድ፣ አሮጌው 500 ግራም ይላል አዲሱ 450። ላስቲኩን በሁለት ጣቴ ሳሸው አዲሱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነው። ይሄን አውቅ ነበር፣ ክብደቱ ሲቀየር ሚዛኑን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፣ ጎን ለጎን ሆኖ ግን አይቼው አላውቅም። ዋጋው አልተነካም ተብሎ ስብሰባ ላይ አጨብጭበናል እኮ። (ፈረንጆቹም ጋ ያው ነው፣ በ2016 በነሱ አቆጣጠር ቶብለሮን የሚባለው ቸኮላት እንግሊዝ ውስጥ 400 ግራሙን 360 አደረገና በጥርሶቹ መሃል ያለውን ክፍተት አሰፋው፣ ሰዉ በጣም ተናደደ። ፈረንሳይ እንደውም ከ2024 ጀምሮ ትልልቅ ሱቆች መጠኑ ቀንሶ ዋጋው ያልቀነሰ ዕቃ ሲኖር አጠገቡ ጽፈው እንዲለጥፉ አስገድዳለች። እኛ ጋ እትዬና የጨው ከረጢታቸው ናቸው ያሉት።)

ስመለስ ፋይሉን አወጣሁ፣ ማታ ሁሉ ሰው ከወጣ በኋላ። ሽምብራ መቁያው ማሽን ላይ አንድ ዙር የሚቆየው መጀመሪያ 35 ደቂቃ ነበር። ሐምሌ ላይ ናፍጣ ተወዷል ተብሎ 32 ሆነ። መስከረም ላይ አዲሱ ሽምብራ ደረቅ ነው ተብሎ 29። ታኅሣሥ ላይ 26፣ ምክንያቱ አልተጻፈም። የካቲት ላይ የሁዳዴ ትዕዛዝ በዛ፣ ማሽኑ አንድ ነው፣ 23። አራት ፎርም፣ አራቱም ላይ ያ ጭራው ረጅም ፊርማ አለ።

አፈር ልብላ ቸልተኛ ሆኜ አይደለም። አቀማመሱ እንዲህ ነው፣ ሦስት ስኒ ይቀርብልሃል፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት አንዱ የተለየ፣ የተለየውን አውጣ ትባላለህ። ዓይንህን ጨፍነህ ብትገምት እንኳ ከሦስት አንዱ ስለሚሳካልህ፣ 12 ቀማሽ ካለ ቢያንስ 8ቱ ካላገኙት ልዩነት አለ አይባልም። የኛ ውጤት 5፣ ቀጥሎ 7፣ ቀጥሎ 6፣ ቀጥሎ 7። ሁሌም ከስምንት በታች፣ ሁሌም "ልዩነት አልታየም"፣ ማኅተም። ሕጉን አልጣስንም። ጣጣው የምናወዳድረው ከማን ጋር ነው የሚለው ላይ ነው፣ 32ቱን ከ35ቱ፣ 29ኙን ከ32ቱ፣ 26ቱን ከ29ኙ። 23ቱን ከ35ቱ ጋር አንድም ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠነው አናውቅም። ከነዚህ መሃል ደሞ ነጭ ሽንኩርቱ ሁለቴ ቀንሷል፣ ጣዕሙ እንዳይጎድል ጨው ከፍ ብሏል፣ እሱም በዚሁ መንገድ አልፏል።

አንድ ነገር ልመስክር፣ ማንም ጓያ እንቀላቅል ያለ የለም። እርካሽ ነው፣ ጅሩ ላይ እንደልብ ነው፣ ግን እዚህ አገር ጓያ ሲበዛ እግር እንደሚያሽመደምድ ያልሰማ ልጅ የለም፣ ያን ያህል አልወረድንም። ሌባ የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም ሦስት ሦስት ደቂቃ ነው የወሰደው።

ጠዋት ላይ ለአለቃዬ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ ግን መልስ ነበረው፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጁ 1112/2011 ገና መውጣቱ ነበር፣ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ "ሽምብራ ስንት ደቂቃ ይቆላ የሚል የት አለ? አሳየኝ" አለኝ። የለም፣ እውነቱን ነው። እሺ ካቢኔ ውስጥ ካስቀመጥነው ሳምፕል ያምናውን ከዘንድሮው እንቅመስ ስለው "ያምናው ዘጠኝ ወር ቆይቷል፣ ቢለይ በመቆየቱ ነው" አለ። ይሄም እውነቱን ነው፣ ሰውዬው ሞኝ አይደለም።

የማታ ሺፍት መቁያውን የሚያንቀሳቅሱ ጋሼ ነበሩ፣ የሚንጃር ሰው፣ ሽምብራ ጥርሳቸውን ያበቀሉበት ነው። ሄጄ አንድ ዙር በ35 ይቆሉልኝ አልኳቸው፣ ከዛው ክምር። ለምን አላሉኝም። "ወዶ ይጠይቀኛል ደሞ፣ እኔስ በ23 ስቆላ እጄን ሲከብደኝ አይደል የከረመ" አሉ። እና ለምን አልተናገሩም ጋሼ? "ለማን? ወረቀቱን ይዘህ የምትመጣው አንተ።" ዝም አልኩ።

አርብ ከሰዓት 12ቱን ቀማሾች ሰበሰብን፣ አለቃችንም ልቅመስ ብሎ አንዱን ተክቶ ገባ። በዚህኛው 35 በዚያኛው 23፣ አዲስ ከአዲስ፣ ቅመሙ አንድ። የምታበስለዋን ልጅ በሰዓት አምስት ደቂቃ ብቻ ብዬ ለመንኳት፣ ስልኳን ከፊቷ አቁማ እየቆጠረች ሲሞላ እያዘነች ነው ከእሳት ያወረደችው። "ለሰው ይሄ ይሰጣል?" ትለኛለች። ስኒው ተዞረ፣ ሁሉም ጻፈ፣ ወረቀቱን ሰበሰብኩ። 12 ከ12። የአለቃችንም ወረቀት ልክ ነበር፣ እንደውም የተለየው ስኒ ጎን "ጥሬ" ብሎ ጽፎበታል፣ ሲጽፈው የትኛው እንደሆነ አያውቅም ነበር።

ምን ሆነ በሉኝ። ወደ 35 አልተመለሰም፣ 32 ሆነ፣ ናፍጣው ናፍጣ ነው አሉን። ክብደቱ 450 እንዳለ ቀረ፣ የማሸጊያው ላስቲክ ሮል ሮል ሆኖ ታትሞ ስቶር ሞልቷል፣ ሮሉ ሲያልቅ ይታያል ተባለ፣ ሳላይ ወጣሁ። ፎርሙ ላይ ግን አንድ መስመር አስጨመርኩ፣ ማነጻጸሪያው የመጀመሪያው ፎርሙላ ነው የሚል፣ እና ማብሰያው በሰዓት ይሁን የሚል። ይቺን ለማስገባት ሁለት ወር ፈጀብኝ።

የእትዬ ሦስቱ ካርቶን ተወሰደላቸው፣ በላዩ አንድ ካርቶን በነፃ ይሂድላቸው ብዬ አስፈርሜ ራሴ ደወልኩላቸው። "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ለሌላ ስጡት" አሉኝ፣ "እኔ ሽምብራ ከሚንጃር አስመጥቼ ራሴ እየቆላሁ ነው፣ አስፈጭቼ አስቀምጠዋለሁ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።"

በዓመቱ ሥራ ለቅቄ ወደ ከሚሴ ስሄድ አውቶቡሱ እዛው ቆመ፣ ገባሁ፣ ረስተውኛል። ሽሮ አዘዝኩ። ውሃ ሳይጠጡበት የሚወርድ ነው፣ ድስቱን ጠርጌ በላሁት። ሂሳብ ስከፍል አላስቻለኝም፣ "እትዬ ሽምብራውን ስንት ደቂቃ ነው የሚቆሉት?" አልኳቸው።

"ደቂቃ?" አሉኝ፣ መልስ እየቆጠሩ። "እስኪሸት ነዋ።"